ከብሌዘር ጋር የሚሄድ የሱሪ ቀለም አመራረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

ጥሩ ብሌዘር፣ ማለትም ከሱሪው ተለይቶ ለብቻው የሚለበስ ኮት፣ ገዝቶ ሱሪ የሚቸግረው ሰው ብዙ ነው። ኮቱ መስቀያ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ከሱሪ ጋር ሲለበስ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቀለሙ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ሱሪው ኮቱን ለመምሰል ተጠግቶ ሳይመስለው መቅረቱ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከሌላ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር ሲለበስ፣ የሚያይ ሰው «ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሱሪው ተለወጠበት» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ የብሌዘር ሱሪ ታስቦበት የተለየ መሆኑ ከሩቅ መታወቅ አለበት።

1. መጀመሪያ ኮቱን ይለዩ

የሙሉ ልብስ ኮት ከሱሪው ስለተነጠለ ብቻ ብሌዘር አይሆንም። ኮቱን ቀረብ አድርገው ይዩት፣ ይዳስሱትም። የሙሉ ልብስ ጨርቅ ከቀጭን ክር የተሸመነ፣ ልስልስ ያለ፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ትንሽ የሚያብለጨልጭ ነው። አዝራሮቹ የጨርቁን ቀለም ይመስላሉ፤ ኪሶቹም ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው። የብሌዘር ጨርቅ ግን ሽመናው በዓይን ይለያል። በጣት ሲዳሰስ ሻከር ይላል፤ ፍላኔል ከሆነ ደግሞ ለስለስ ያለ ጠጉር አለው። አዝራሮቹ የናስ፣ የቀንድ ወይም የዛጎል ሆነው ከጨርቁ ይለያሉ። ኪሶቹ ብዙ ጊዜ ከላይ ተለጥፈው የተሰፉ ናቸው።

ልስልሱና አብለጭላጩ ኮት ከጥጥ ሱሪ ወይም ከጂንስ ጋር ሲለበስ፣ የቀለሙ ምርጫ ትክክል ቢሆን እንኳ አይሰምርም፤ ከወገብ በላይ የቢሮ፣ ከወገብ በታች የእረፍት ቀን ልብስ ይመስላል። ሌላም ጉዳት አለው። ኮቱ ብቻውን እየተለበሰ ላውንደሪ ሲመላለስ ቀስ በቀስ ከገዛ ሱሪው በቀለም ይለያያል፤ በመጨረሻም ሙሉ ልብሱ ራሱ ይበላሻል።

ብሌዘር ከመነሻው ከሱሪው የሚለይ ኮት ነው። ስሙ የሚያያዘው በ1825 በካምብሪጅ ቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ የተመሠረተው የሌዲ ማርጋሬት የጀልባ ክለብ አባላት ይለብሱት ከነበረው፣ እንደ እሳት ከቀላው ኮት ጋር ነው። የጀልባና የክሪኬት ክለቦች ባለቀለም ኮታቸውን የሚለብሱት ከነጭ ወይም ከክሬም የፍላኔል ሱሪ ጋር ነበር። ልዩነቱ እንዲታይ ሆኖ የተሠራ አለባበስ ነው።

2. ወደ ቀን ብርሃን ያውጡት

ቢጫ አምፖል ስር ጥቁር ሰማያዊ ጥቁር ይመስላል፤ ግራጫም ወደ ቡናማ ያደላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሁለት ጨርቆች በተለያየ ማቅለሚያ ከተነከሩ አንዱ መብራት ስር አንድ መስለው ሌላው ብርሃን ላይ ሊለያዩ መቻላቸው ነው። ሱቅ ውስጥ የተስማማው ቤት ሲደርስ የሚጣላው በዚህ ምክንያት ነው። ኮቱንና ሱሪውን ቀን ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት አጠገብ ያድርጉና ይዩ። ሱሪ ለመግዛት ሲሄዱ ኮቱን ይዘው ይሂዱ፤ ቀለምን በትዝታ ማዛመድ አይቻልም።

እዚያው መስኮቱ ጋ ነጭ ወረቀት ከጨርቁ ጎን ያድርጉ። ብቻውን ሲታይ ግራጫ ብቻ የሚመስለው ሱሪ ከነጭ ጋር ሲተያይ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ማድላቱን ያሳያል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀዝቃዛ፣ ወደ ቡናማና ቢጫ የሚያደላው ሞቃት ነው እንበል። ቀዝቃዛ ግራጫ ከሰማያዊና ከጥቁር ኮት ጋር ይዋደዳል፤ ሞቃቱ ከቡናማና ከአረንጓዴ ጋር ይሻላል። ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው «ግራጫ ሁሌ ይሄዳል ተብዬ አልሄደልኝም» ካለ፣ የገዛው ሰማያዊ የሚያደላበትን ግራጫ ሊሆን ይችላል።

3. ጥቁረትና ንጣቱን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይህ ነው። ኮቱን አልጋ ላይ ዘርግተው ሱሪውን ከስሩ ያድርጉ። ጎን ለጎን አያስቀምጡት፤ ሲለበስ አንዱ ከሌላው በታች እንጂ ጎን አይሆንም። ከዚያ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። የኮቱ ጫፍ የት እንዳለቀና ሱሪው የት እንደጀመረ በአንድ እይታ ካልለዩ፣ ቀለሞቹ የፈለገ ቢለያዩ ጥምረቱ ደብዝዞ ይታያል።

በቁጥር ማሰብ ለሚቀልለው፦ ጥቁር 1 ይሁን፣ ነጭ 10። ጥቁር ሰማያዊ 2 ገደማ ነው። ከሰል የሚመስለው ጠቆር ያለ ግራጫ 3፣ መካከለኛ ግራጫ 5፣ የደረቅ አሸዋ መልክ ያለው ካኪ ከ6 እስከ 7፣ ነጣ ያለ ግራጫ 7፣ ክሬም 9 ይሆናሉ። በኮቱና በሱሪው መካከል ቢያንስ የ3 ልዩነት ይኑር። 1 ወይም 2 ብቻ ከሆነ የጨርቁ ዓይነት ልዩነቱን መሸከም አለበት፤ ለምሳሌ ኮቱ ሽመናው የሚታይ፣ ሱሪው ጠጉራም ፍላኔል ሲሆን። ከ7 በላይ ሲሆን ደግሞ (ጥቁር ኮት ከደማቅ ነጭ ሱሪ ጋር) ሰውነትን ከመሐል እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ ለተለየ ዝግጅት ካልሆነ ይቅር።

ጠቆር ያለ ኮት ከነጣ ሱሪ ጋር ለጀማሪ ይቀላል። ተቃራኒው፣ ነጣ ያለ ኮት ከጠቆረ ሱሪ ጋር፣ ዓይንን ወደ ፊት ይስባል፤ ሱሪው ላይም ቆሻሻ ቶሎ አይታይም።

4. በኮቱ ቀለም ይምረጡ

ጥቁር ሰማያዊ ብሌዘር። ብዙ ሰው ያለው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። አንድ ሱሪ ብቻ መግዛት ከቻሉ መካከለኛ ግራጫ የሱፍ ሱሪ ይግዙ። ግራጫ የራሱ ደማቅ ቀለም ስለሌለው ከሰማያዊው ጋር አይሻማም፤ እንዲያውም አጠገቡ ያለው ሰማያዊ ይበልጥ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱም 3 ነው፤ ከበቂ በላይ አይጮኽም፣ ከበቂ በታችም አይደበዝዝም። ነጣ ያለ ግራጫ ለቀንና ለሙቀት፣ ከሰል መልኩ ለምሽትና ለጠንከር ያለ ስብሰባ ይሆናል። ከሰል መልኩን ሲመርጡ ከላይ ያልነው የጨርቅ ልዩነት ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ካኪና ቤጅ (በጣም የነጣ ቡናማ) ይመጣሉ። እዚህ ጥንቃቄው የቢጫው መጠን ላይ ነው። ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ካኪ ከሰማያዊ ጋር ይጯጯኻል፤ የደረቀ አሸዋ ወይም የገለባ መልክ ያለውን ይምረጡ። ኮቱ የናስ አዝራር ካለው፣ ሱሪው ካኪ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ከረባቱም ቀይ ከሆነ ልብሱ የደንብ ልብስ መስሎ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው የናሱን አዝራር በጠቆረ ቡናማ የቀንድ አዝራር ያስለውጡ። በዚህች ለውጥ ብቻ ያው ኮት ከካኪ፣ ከወይራ አረንጓዴና ከጂንስ ጋር ሁሉ መሄድ ይጀምራል።

ክሬም ሱሪ ከጥቁር ሰማያዊ ጋር በጣም ያምራል፤ ክሬሙ እንጂ እንደ ወረቀት የነጣው አይደለም። የወይራ አረንጓዴም ጥሩ ነው። ቡናማ ከሆነ መካከለኛው፤ ጠቆር ያለው ቡናማ ከኮቱ ጋር ተቀራርቦ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጥቁር ሱሪስ? አይሄድም ባይ ነን። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ልዩነቱ በመብራት የማይታይ፣ በቀን ብርሃን ግን የሚያሳፍር ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተለበሰ ይመስላል። ያልታጠበ ጠቆር ያለ ጂንስም ያው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ችግሩ አንድ ነው። ጂንስ ከፈለጉ ታጥቦ ፈካ ያለውን መካከለኛ ሰማያዊ፣ ወይም ግራጫ ጂንስ ይልበሱ፤ ያልተቀደደና ያልተቦጫጨቀ ይሁን።

ግራጫ ብሌዘር። ኮቱ ነጣ ያለ ከሆነ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ አንደኛ ምርጫ ነው፤ ከሰል መልኩና ጥቁርም ይሄዳሉ። ግራጫው ሞቃት ከሆነ ጠቆር ያለ ቡናማ ሱሪ ያልተጠበቀ ውበት አለው። ጠቆር ያለ ግራጫ ኮት ደግሞ ከነጣ ግራጫ፣ ከክሬምና ከፈካ ጂንስ ጋር ይለበሳል። ግራጫ በግራጫ ላይ ሲሆን የ3 ልዩነቱን አያጉድሉ። 4 ቢሆን ይሻላል።

ቡናማ ብሌዘር። ከጂንስ ጋር እንደ ቡናማ የሚስማማ ኮት የለም ብንል አላጋነንንም፤ ጠቆረም ፈካም ችግር የለውም። ከዚህ ሌላ ክሬም፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሞቃት ግራጫና የወይራ አረንጓዴ አሉ። ቡናማን በቡናማ ለመልበስ የሚፈልግ ጠቆር ያለውን ከላይ፣ ቤጁን ከታች ያድርግ። ጥቁር ሱሪ ግን ቡናማውን ያጨልምበታል።

ጥቁር ብሌዘር። ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ጥቁር ልብስ ሲያረጅ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሁለት ጥቁሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ያረጀው ይጋለጣል። ስለዚህ ጥቁር ሱሪን ትተው መካከለኛ ወይም ነጣ ያለ ቀዝቃዛ ግራጫ ይምረጡ። በደቃቅ ጥቁርና ነጭ ዳማ የተሠራ ግራጫ መልክ ያለው ሱሪም ይሆናል። ካኪና ቡናማ ከጥቁር ጋር ሲሆኑ የደረቁ ይመስላሉ።

አረንጓዴ ብሌዘር ከካኪ፣ ከክሬም፣ ከሞቃት ግራጫና ከጠቆረ ቡናማ ጋር ይሄዳል። የቦርዶ ቀለም (ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ ቀይ) ከሆነ መካከለኛ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይበቃዋል፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ አያቅርቡበት። ቤጅና ክሬም ኮት ጥቁር ሰማያዊ፣ ከሰል መልክ ወይም ቡናማ ሱሪ ይፈልጋል።

ባለ ዳማ ወይም ባለ መስመር ኮት ከሆነ ሱሪው አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። ቀለሙን የሚመርጡት ከኮቱ ውስጥ ነው፦ ኮቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አቅርበው በዳማው ውስጥ ያሉትን ክሮች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ሦስት ቀለም ቢያገኙ፣ ለምሳሌ ግራጫ፣ ሰማያዊና ቀጭን የዝገት መልክ፣ ለሱሪው የሚሆነው ከሁለቱ ሰፋፊዎች አንዱ ነው። ቀጭኗን ክር ለከረባት ወይም ለደረት ኪስ መሐረብ ይተዋት። ከዚያ 3 ሜትር ርቀው እንደገና ይዩት፤ ከሩቅ ክሮቹ ተደባልቀው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ከሱሪው ጋር መለየት ያለበት ይህ የሩቁ ቀለም ነው።

5. ጨርቁ ከቀለሙ ጋር ይስማማ

አንድ ግራጫ በአብለጭላጭ ፖሊስተርና በፍላኔል ሲሠራ አንድ ቀለም ሆኖ አይታይም፤ ብርሃን የሚመልሰው ጨርቅ ይነጣል፣ ጠጉራሙ ይጠቁራል። ክብደቱንም ያመዛዝኑ። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝን ሱፍ ለሙቀት፣ ከ250 እስከ 310 ግራም ለአብዛኛው ጊዜ፣ ከ340 በላይ ለብርድ ነው። ወፍራም የቱዊድ (ሻካራ የሱፍ ጨርቅ) ኮት ቀጭን በሚያውለበልብ ሱሪ ላይ ሲጫን ከላይ የከበደ ሰው ያስመስላል፤ ፍላኔል፣ ኮርዱሮይ (ባለ ሸንተረር ጨርቅ) ወይም ወፈር ያለ ጥጥ ይስጡት። ሊነን (ከተልባ ክር የተሸመነ) ኮት ከጥጥ ወይም ከቀጭን ሱፍ ጋር ደህና ነው።

ሱፍ ሱሪ ላይ ካውያ በቀጥታ አያሳርፉ። ጭኑና ጉልበቱ ላይ ክሩ ተጨፍልቆ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ያ ያብለጨለጨው ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ይታያል፣ ጥቁር ሰማያዊና ከሰል መልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርገው ከላዩ ይተኩሱ።

6. ጫማ፣ ቀበቶ፣ ካልሲ

ጫማ የሚመረጠው ሱሪውን አይቶ ነው፤ አጠገቡ ያለው እሱ ነውና። ከግራጫ ሱሪ ጋር ጥቁር፣ ጠቆር ያለ ቡናማና ቦርዶ ይሄዳሉ። ከካኪና ከክሬም ጋር ቡናማ፤ ጥቁር ጫማ እዚያ ላይ ከብዶ ይታያል። ከጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር ቡናማም ጥቁርም ይሆናል፣ ከጥቁር ሱሪ ጋር ግን ጥቁር ብቻ። ቀበቶው የጫማውን ቀለም ይጠጋ። ካልሲው ከሱሪው ጋር አንድ ዓይነት ወይም በአንድ ደረጃ የጠቆረ፣ እስከ ባት አጋማሽ የሚደርስ ይሁን፤ ሲቀመጡ በሱሪና በካልሲ መሐል የሚታይ ባዶ ቅልጥም የለፉበትን ሁሉ ያፈርሰዋል።

7. ቁመናዎን ያስገቡ

ኮቱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ የቀለም መስመር ይሠራል። ልዩነቱ ከፍ ባለ ቁጥር መስመሩ ይጎላል፣ ሰውነትም ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ቁመታቸው አጠር ያሉ ሰዎች የ3ን ልዩነት ባያልፉት፣ ጫማውንም ወደ ሱሪው ቀለም ቢያስጠጉት እግራቸው ይረዝማል። ረጃጅሞች 5 ድረስ በነፃነት ይልበሱ። ነጣ ያለ ሱሪ ጭንና ዳሌን ያሰፋል፤ ትከሻው ሰፍቶ እግሩ ለቀጠነ ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ በተቃራኒው ላለ ሰው ደግሞ ጠቆር ያለው ይሻለዋል።

ኮቱ መቀመጫን ከሸፈነ በቂ ነው። ከዚያ አልፎ የረዘመ ኮት ከጠቆረ ሱሪ ጋር ሲሆን አይታወቅበትም፤ ከክሬም ሱሪ ጋር ግን እግሩን ያሳጥረዋል።

8. ለብሰው ይፈትኑት

የላይኛውን አዝራር ቆልፈው፣ ጫማውን አድርገው፣ ከመስተዋቱ 3 ሜትር ያህል ይራቁ። ፎቶ ያንሡና ጥቁርና ነጭ ያድርጉት፤ አልጋ ላይ ያለፈው ጥምረት ሸሚዝና ጫማ ሲጨመሩ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ይቀመጡና ባዶ ቅልጥም አለመታየቱን ይዩ።

ነጣ ያለ ሱሪ ሲሆን ሌላ ፈተና አለው። እጅዎን በሱሪው እግር ውስጥ ያስገቡና ወደ ብርሃኑ ያዙሩት። ጣቶችዎን መቁጠር ከቻሉ ጨርቁ ስስ ነው፤ የኪሱ ነጭ ከረጢት በፊት በኩል አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ የሸሚዙም ጫፍ እንዲሁ። ልብስ ሰፊ የኪሱን ከረጢት በሱሪው ቀለም ጨርቅ ሊቀይረው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ገበርም ሊያስገባበት ይችላል። የውስጥ ሱሪ ነጭ ሳይሆን የቆዳን ቀለም የሚጠጋ ይሁን፤ ነጭ ከክሬም ስር ይለያል።

የአገዛዝ ቅደም ተከተል

ከዜሮ ለሚጀምርና ጥቁር ሰማያዊ ብሌዘር ላለው፦ መጀመሪያ መካከለኛ ግራጫ ሱፍ፣ ሁለተኛ አሸዋማ ካኪ ጥጥ፣ ሦስተኛ ነጣ ያለ ግራጫ ወይም ክሬም፣ አራተኛ የወይራ አረንጓዴ። ሁለተኛ ኮት ሲጨምሩ ቡናማ ይሁን፤ ከአራቱ ሱሪዎች ቢያንስ ሦስቱ ያለ ችግር ያገለግሉታል። ግራጫ ኮት ከሆነ ግን መካከለኛው ግራጫ ሱሪ ሥራ ይፈታል፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪም ሊገዙለት ነው።

ቤጅ ወይም ክሬም ብሌዘር ከአዲስ ጂንስ ጋር ሊለብሱ ካሰቡ አስቀድመው ይህን ያድርጉ፦ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበው ጂንሱን ጭኑ ላይ አሥር ጊዜ ይሹት። ጨርቁ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው። ሲራመዱ የኮቱ የታች ጠርዝ፣ ሲቀመጡ ደግሞ የእጅጌው ጫፍና ገበሩ ይነካሉ፤ ሱፍ ላይ የገባ የጂንስ ሰማያዊ ደግሞ ለማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ጂንሱን ገልብጠው በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይጠቡት፣ ሲደርቅ በነጩ ጨርቅ እንደገና ይሞክሩት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ያንን ጂንስ ከጠቆረ ኮት ጋር ብቻ ይልበሱት።